በሌሊት መሬት የመታ ሴኔካ፦ ለአንድ አብራሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የባለ ሁለት ሞተር ፈቃድ ካወጣሁ አራት ወር ሆነኝ። የበረራ ሰዓት አጠራቅሜ አዲስ አበባ ገብቼ ሥራ መፈለግ ነው ሐሳቤ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጓደኛዬን አጠገቤ አስቀምጬ፣ በተከራየሁት ሴኔካ ሁለት (ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ነው)፣ ጫካ መሃል ወዳለች ትንሽ አየር ማረፊያ ሄድኩ። ስጠጋ ከፍ ያልኩ መሰለኝና አፍንጫውን ዝቅ አደረግሁ። መጨረሻ ላይ ዛፎቹ ቀረቡብኝ፤ ጋዝ ጨመርኩ፤ ፍጥነቴ 105 ኖት (በሰዓት 195 ኪሎ ሜትር ገደማ) ደረሰ። መንደርደሪያው ላይ ሲንሳፈፍብኝ ሁለቱንም ጋዝ ዘጋሁና በአንዴ ወደቀ። ነጠረ፤ መሪውን ገፋሁት፤ በፊት ጎማው መታ፤ እንደገና ነጠረ፤ በሦስተኛው ተቀመጠ። ወርጄ በባትሪ አየሁት፤ ጎማውም ፕሮፔለሩም ደህና ነው። አብርሬው ተመለስኩ፣ ቁልፉን አስረከብኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም። አይፓዴ ላይ ያለው መተግበሪያ 1.8 ጂ (ከምድር ስበት 1.8 እጥፍ የሆነ ምት) ነው ያሳየው። ጥያቄዬ፦ ማታ ሲሆን ፍጥነት ጨምሬ ልግባ? ወይስ ጠንካራ የማረፊያ መብራት ያለው አውሮፕላን ልከራይ? ለሌሊት በረራ አዲስ አይደለሁም፤ በዚህ ወር በሴስና 172 ሦስት ጊዜ ማታ አርፌአለሁ።»

ምላሽ፦

ከፍጥነቱም ከመብራቱም በፊት አውሮፕላኑ ይቀድማል። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ለአከራይህ ደውልና «ቅዳሜ ማታ ሦስት ጊዜ መሬት መትቶብኛል፣ አንዱ በፊት ጎማው ነው፣ ሳይመረመር አይነሳ» በል። ያ አውሮፕላን አሁን የሌላ ሰው ስም ተጽፎበት በር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። የሚነሳበት ተማሪ ስለ ቅዳሜ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከመነሳቱ በፊት ዞሮ ሲያየውም አንተ በባትሪ ያየኸውን ብቻ ነው የሚያየው። ገንዘብ ሊያስከፍልህ ይችላል፣ ሊያሳፍርህም ይችላል፤ ሁለቱንም ትችላቸዋለህ። ዝም ማለትህ የሚያስከትለውን ግን ማንም አይመልሰውም።

ጎማው አለመፈንዳቱ ምንም አያረጋግጥም። ጎማ ከሁሉ በላይ የሚለጠጥ ክፍል ነው። ምቱ በጎማው በኩል ወደ አሞርዛተሩ፣ ከአሞርዛተሩ እግሩ ክንፍ ላይ ወደታሰረበት ቦታ፣ ከዚያም ወደ ክንፉ ዋና ተሸካሚ ያልፋል። የሚታጠፈውና የሚሰነጠቀው እዚያ ውስጥ ያለው ነው። የፊት እግሩማ ይብሳል። አውሮፕላኑን እንዲሸከም የተሠሩት ዋናዎቹ ሁለት እግሮች ናቸው፤ የፊተኛው መሬት ላይ አቅጣጫ ለመያዝ ነው እንጂ የመጀመሪያውን ምት ለመቀበል አልተሠራም። ሴኔካ ላይ ምቱ የሚሄደው የፊተኛው የሻንጣ ክፍል ወዳለበት የአፍንጫው አካል ነው። አንተ ደግሞ ከዚያ በኋላ ተነስተህ እግሮቹን አጥፈህ፣ ዘርግተህ፣ ደግመህ አርፈሃል። የተጣመመ እግር ታጥፎ ጎጆው ውስጥ ቢቀረቀር ኖሮ ማታውኑ በሆድህ ታርፍ ነበር። ወደፊትም ቢሆን ክፉኛ መሬት መትተህ ተመልሰህ ከተነሳህ እግሩን አትጠፈው። ተዘርግቶ ሦስቱም አረንጓዴ መብራት በርቶ ካለ እንዳለ ተወው፤ ዞረህ በዚያው እረፍ።

የአይፓዱን 1.8 እርሳው። መስተዋት ላይ በላስቲክ የተለጠፈ ታብሌት የሚለካው የራሱን መንቀጥቀጥ ጭምር ነው፤ ከፍተኛው ምት ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ በላይ ስለማይቆይም ሊያመልጠው ይችላል። ትልልቅ የመንገደኞች አውሮፕላኖች የተስተካከለ መለኪያና የተጻፈ ወሰን አላቸው። በእኛ ትንንሾቹ ላይ ምርመራውን የሚያስጀምረው ግን የአብራሪው ቃል ነው። የጥገና መመሪያው «ከከባድ ማረፍ በኋላ» የሚደረግ ልዩ ምርመራ ያዝዛል፤ ከባድ ነበር ብሎ የሚናገረው ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ነው። አንተ ካልተናገርክ ምርመራው አይኖርም።

ፈቃድ ያለው መካኒክ ምን እንደሚያይ ብታውቅ ለምን በባትሪ ብቻ እንደማይሆን ይገባሃል። ባትሪውን ክንፉ ላይ ቀጥ አድርጎ ሳይሆን ከቆርቆሮው ጋር አጋድሞ ያበራል፤ ያኔ ከፊት ለፊት ሲያበሩ የማይታይ መጨማደድ ጥላ ይጥላል። በሪቬቶቹ ዙሪያ ጥቁር ግራጫ ዱቄት የሚመስል ጭረት ይፈልጋል፤ ሪቬቱ ላልቶ ቆርቆሮውን እየፈጨ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው። በክንፉ ሆድና በሞተሩ ቤት ጀርባ ሰማያዊ እድፍ ይፈልጋል፤ ቤንዚናችን ሰማያዊ ስለሆነ የተላቀቀ ታንክ በቀለሙ ራሱን ያጋልጣል። የፕሮፔለሩ ቆብ ከሞተሩ ሽፋን ጋር ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል ካልሆነ የሞተሩ ተሸካሚ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። የአፍንጫውን ሻንጣ ክፍል ባዶ አድርጎ ግድግዳውን ከውስጥ ይዳስሳል። ከዚያ አውሮፕላኑን በክሪክ አንስቶ እግሮቹን ደጋግሞ ያጥፋቸዋል፣ ይዘረጋቸዋል፤ በሮቹ ከቅዳሜ በፊት እንደሚገጥሙት ይገጥሙ እንደሆነ ያያል።

የፕሮፔለሩ ጫፍ መሬት ነክቶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በፊት ጎማ ሲመታ አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ይጨመቃል፣ አፍንጫው ይወርዳል፣ ጫፉ አስፋልቱን ለቅጽበት ሊልሰው ይችላል። ይህ ደግሞ ሁልጊዜ ምላጩን አጥፎ አያሳይህም፤ ጫፉ ላይ በጣት ብቻ የሚገኝ ሻካራ ነገር ይሆናል። የመጀመሪያው ሴኔካ የላይካሚንግ ሞተር ነው ያለው፤ ከሁለተኛው ሞዴል ጀምሮ ኮንቲኔንታል ነው። ላይካሚንግ ላይ ፕሮፔለር መሬት ከነካ የክራንክ ሻፍቱን (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጥርስና ማሰሪያ ብሎን መመርመርን እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ትእዛዝ ግዴታ አድርጎታል። ኮንቲኔንታልም ሞተሩ ወርዶ እንዲፈታ ነው የሚያዘው። ውድ ነው፤ በባለ ሁለት ሞተር ደግሞ ሁለት ጊዜ ውድ ሊሆን ይችላል። ዝም ለማለት የሚፈትነው ይህ ዋጋ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ውስጡ የተሰነጠቀ ክራንክ ሻፍት የሚበጠሰው ኃይል ሲሰጠው ነው፤ ያ ማለት ሲነሳ፣ ከዛፎቹ በላይ።

ስለ ፈቃዱ ደግሞ ስህተት ይዘሃል። ሰው አሳፍሮ በሌሊት ለመብረር የአሜሪካ ደንብ ባለፉት 90 ቀናት ሦስት መነሳትና ሦስት ሙሉ በሙሉ ቆሞ ማረፍ ይጠይቃል፤ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀምሮ ልትወጣ አንድ ሰዓት እስኪቀራት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በዚያው የአውሮፕላን መደብ። ሴስና 172 ባለ አንድ ሞተር ነው፤ ለሴኔካ አይቆጠርልህም። ፈቃድህን ካወጣህ አራት ወር ስለሆነህ የሥልጠናው ማረፊያዎችም ከ90 ቀን አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ በባለ ሁለት ሞተር ሌላ የሌሊት ማረፊያ ከሌለህ፣ ቅዳሜ ጓደኛህ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አልነበረበትም። ሳታውቅ ያደረግኸው ከሆነ ናሳ በሚያስተዳድረው የደህንነት ሪፖርት ሥርዓት በ10 ቀናት ውስጥ ጻፍ፤ ሆን ተብሎ ላልተፈጸመ ጥሰት ከቅጣት ይከላከላል፣ ገና ጊዜ አለህ። ምርመራው የአውሮፕላኑ ዋና አካል ላይ ጉዳት ካገኘ ለብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ወዲያው ማሳወቅ ይመጣል። ጉዳቱ እግር፣ ጎማ ወይም መሬት የነካ የፕሮፔለር ምላጭ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ደንቡ «ከባድ ጉዳት» አይለውም።

አሁን ወደ ምክንያቱ።

ያ አውሮፕላን መውደቅ የጀመረው ጋዙን ስትዘጋ ሳይሆን «ከፍ ያልኩ መሰለኝ» ባልክበት ጊዜ ነው። ዙሪያው ጫካ፣ ከአንተ እስከ መንደርደሪያው አንድም መብራት የለም፣ ፊት ለፊትህ ሁለት መስመር ብርሃን ብቻ። አብራሪዎች ይህን ጥቁር ጉድጓድ እንለዋለን። በቀን ከፍታህን የሚነግሩህ መኪናዎች፣ ቤቶች፣ የእርሻ ድንበሮች ናቸው፤ አይንህ ሳትጠይቀው ያነጻጽራል። ማታ እነዚህ ሲጠፉ የሚቀርህ የመንደርደሪያው ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቅርጹ ደግሞ ይዋሻል። ኮንራድ ክራፍት የተባለ የቦይንግ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ልምድ ያላቸውን አብራሪዎች በሲሙሌተር አስቀምጦ ይህንኑ ፈትኖ ነበር። ጨለማ መሬት አቋርጠው፣ ከፍታ መለኪያ ሳያዩ፣ በአይናቸው ብቻ ወደ ብርሃን ሲጠጉ በጣም ዝቅ ብለው ነበር የሚገቡት፤ የተዋጣላቸው አስተማሪዎች ጭምር። ምክንያቱ ሲገለጽ ቀላል ነው፦ አይን የመንደርደሪያውን መጠን በእይታው ውስጥ እኩል አድርጎ ለማቆየት ይሞክራል፤ ያን ስታደርግ የምትበረው ቀጥታ ሳይሆን ወደ ታች የሚጎብጥ መስመር ይሆናል፣ ከመንደርደሪያው በፊት ወደ መሬት የሚወስድ።

በዚህ ላይ የመንደርደሪያው ስፋት ተጨመረ። ሰፊ መንደርደሪያ ላይ የተማረ አይን ጠባቡን ሲያይ «ሩቅና ከፍ ያልኩ ነኝ» ይላል። አፍንጫህን ዝቅ ያስደረገህ ይህ ነው፤ ዛፎቹም የቀረቡህ በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሌሊት ጨለማ ቦታ ላይ በአይንህ ብቻ አትውረድ። ፓፒ መብራት (የመውረጃ ማእዘንህን በነጭና በቀይ ቀለም የሚነግርህ፣ መንደርደሪያው ዳር ያለ መብራት) ካለ ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ይዘህ ውረድ። ከሌለ የጂፒኤስ የመውረጃ መስመር ጫን፤ እሱም ከሌለ በየአንድ ኖቲካል ማይሉ 300 ጫማ እያልክ ከፍታህን ከርቀትህ ጋር አስተያይ። ሦስቱም ከሌሉ እዚያ ማታ አትሂድ። በሬዲዮ የሚበራ መብራት ከሆነ ደግሞ መንደርደሪያውን ለመፈለግ የሬዲዮውን ቁልፍ ሰባት ጊዜ ጠቅ አድርገህ ሙሉ አብራው፤ ስትጠጋ ወደ አምስት ወይም ሦስት ዝቅ አድርገው። ሙሉው ድምቀት ሲቀርብ አይንህን ያውረዋል።

ፍጥነት ልጨምር ወይ ላልከው፦ አይሆንም። ጥያቄህ ውስጥ ያለው መልስ ራሱ 105 ኖት ነው። ሴኔካ ሁለት ላይ ሰማያዊው መስመር 89 ኖት ነው፤ አንድ ሞተር ቢጠፋ የምትወጣበት ፍጥነት ነው፣ ማረፍህ እርግጥ እስኪሆን ያንን መያዝህ ልክ ነው። ከዚያ በላይ የተሸከምከው እያንዳንዱ ኖት መንደርደሪያው ላይ መንሳፈፍ ይሆናል። በ105 የምትገባበት ጉልበት በ90 ከምትገባበት በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል፤ ያ ጉልበት የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት። በቀን ሲንሳፈፍብህ ትታገሣለህ፣ ከፍታህን ታየዋለህ። ማታ ግን መሪውን ትንሽ ስትስብ አውሮፕላኑ አንድ ሜትር ወደ ላይ ቢመለስ አይንህ አያውቀውም። ጎማዬ አስፋልቱን ሊነካ ነው ብለህ ስታስብ አንድ ሜትር በላይ ተንጠልጥለህ ነበር፤ የመንደርደሪያው መጨረሻ መብራት እየቀረበ ነው፣ ቸኩለሃል፣ ሁለቱንም ጋዝ ዘጋህ።

ቸል የሚባለው እዚህ ላይ ነውና ቀስ ብለህ አንብበው። ሴስና 172 ላይ ጋዝ ስትዘጋ የምታጣው ግፊት ነው። ባለ ሁለት ሞተር ላይ ግን ክንፉንም ታጣለህ። ሞተሮቹ ክንፉ ላይ ስለተቀመጡ ፕሮፔለሮቹ የሚነፉት አየር ሰፊውን የክንፍ ክፍል እያጠበ ያልፋል፤ ያ ክፍል ከአውሮፕላኑ ፍጥነት በላይ በሆነ ነፋስ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሁለቱን እጀታ በአንዴ ወደ ኋላ ስትስብ ያ ነፋስ በቅጽበት ይቆማል። ይባስ ብሎ ለማረፍ የፕሮፔለሩን እጀታ እስከ ፊት ገፍተህ ስለነበር ምላጮቹ በትንሽ ማእዘን ላይ ሆነው በነፋስ እየዞሩ እንደ ፍሬን ይይዛሉ። ማንሳት ቀነሰ፣ መጎተት ጨመረ፤ ሁለቱም በአንድ ሰከንድ። የፕሮፔለር አየር ይደርስበት የነበረው ጅራትም አቅሙ ስለሚቀንስ መሪውን ብትስበውም አፍንጫው እንደ ልብ አይነሳም።

ክንፉ የሚሸከመውም ክብደት ልዩ ነው። 172 ሙሉ ክብደቱን ሲይዝ ለአንድ ካሬ ሜትር ክንፍ 65 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል፤ ሴኔካ ሁለት ግን 107 ገደማ፤ ባሮን 58 የተባለው ሌላ ባለ ሁለት ሞተር ደግሞ ወደ 135። 172 ሲሰንፍ ይቅር ይልሃል፣ ለመውደቅ ጊዜ ይወስዳል። ሴኔካ አይጠብቅህም። በ172 ያረፍካቸው ሦስት ማረፊያዎች ሌሊቱን አስተምረውህ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ግን ሊያስተምሩህ አይችሉም።

ሦስተኛው ነገር ጭነቱ ነው። ሁለት ሰው ፊት ተቀምጦ ኋላው ባዶ የሆነ ሴኔካ አፍንጫው ይከብዳል፤ ሚዛኑ ወደ ፊተኛው ወሰን ይጠጋል። በጋዝ እያለ አይሰማህም፣ ጋዙ ሲዘጋ ግን መሪውን እስከ ሆድህ ስበህ እንኳ አፍንጫው ይወርዳል። አስተማሪዎች ኋላ ወንበር ላይ ወይም ኋላ ሻንጣ ክፍል ክብደት አስረው የሚነሱት ለዚህ ነው። ከመነሳትህ በፊት ሚዛኑን በወረቀት አስላ፤ ወደ ፊት ከተጠጋ ከኋላ ክብደት ጫን፣ በደንብ ታስሮ።

ከነጠረ በኋላ ያደረግኸው ደግሞ አውሮፕላን ሰባሪው ነው። አውሮፕላኑ ሲነጥር አፍንጫው ይነሳል፣ አንተ ትገፋለህ፤ ግን እጅህ ከአውሮፕላኑ ዘግይቶ ስለሚደርስ የገፋኸው ወደ ታች መውረድ በጀመረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በፊት ጎማ ይመታል፣ ካለፈው በላይ ይነጥራል፣ አንተም ካለፈው በላይ ትገፋለህ። ብዙ ጊዜ የፊት እግር የሚሰበረው በሦስተኛው ነው፤ አንተ በሦስተኛው የተቀመጥክለት ዕድል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሕግህ ይህ ይሁን፦ ትንሽ ከነጠረ አፍንጫውን የማረፊያ ቦታው ላይ ይዘህ ጥቂት ጋዝ ጨምር፣ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። በደንብ ከነጠረ ሁለተኛውን አትጠብቅ፤ ጎ አራውንድ አድርግ፣ ማለትም ማረፉን ትተህ ተመልሰህ ተነሳ። ሁለቱንም ጋዝ ወደፊት፣ ግን በዱላ ሳይሆን በእጅ፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሴኔካ ሁለት የማኒፎልድ ግፊቱ (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት) ከ40 ኢንች ማለፍ የለበትም፣ ድንገት ብትገፋው ሞተሩን ታስጨንቀዋለህ።

አንድ ወሰን ግን አለው። ይህ የሚሠራው ሁለቱም ሞተር ሲኖርህ ነው። በአንድ ሞተር ስትገባ መሬት አጠገብ ደርሰህ እንደገና እነሳለሁ ማለት በብዙ ትንንሽ ባለ ሁለት ሞተሮች ላይ የለም። ከ6,000 ፓውንድ በታች ሆነው በቀስታ ለሚያርፉት፣ የተፈቀዱበት ደንብ በአንድ ሞተር ከፍ እንዲሉ እንኳ አላስገደዳቸውም። ስለዚህ አንድ ሞተር ከጠፋብህ ማታ የምትመርጠው ረጅሙን፣ ሰፊውን፣ ብዙ መብራት ያለውን አየር ማረፊያ ነው፤ ቤትህ የቀረበውን አይደለም።

ጠንካራ የማረፊያ መብራት ያልከው ሊረዳህ ይችላል፣ ግን ችግርህ እሱ አይደለም። ደማቅ መብራት ከአፍንጫህ ፊት አንድ ነጭ ቁራጭ አስፋልት ይሰጥሃል፤ አይን ደግሞ ወደሚበራው ይሳባል። ያንን ቁራጭ ካፈጠጥክበት ከፍታ መለካት አትችልም፣ በእርጥብ አስፋልት ላይማ ብርሃኑ ወደ አንተ ስለማይመለስ ምንም አታይም። ትክክለኛው አጠቃቀም እንዲህ ነው፦ የመውረድህን ፍጥነት ሳትለውጥ ውረድ፤ መብራትህ አስፋልቱ ላይ ሲያርፍና የድሮ ጎማዎች የጣሉት ጥቁር ምልክት ጎልቶ ሲታይህ መሬት አጠገብ ነህ። በዚያች ቅጽበት አይንህን ከቁራጩ አንስተህ ወደ መንደርደሪያው መጨረሻ ላክ፤ አፍንጫውን ቀና ማድረግ፣ ፍሌር የምንለውን ጀምር። ከዚያ በኋላ ከፍታህን የሚነግሩህ በግራና በቀኝ ያሉት የጠርዝ መብራቶች ናቸው። እነሱ ወደ ትከሻህ ከፍ ሲሉ እየወረድክ ነው፣ ወደ ታች ሲሰምጡ ወደ ላይ እየተንሳፈፍክ ነው፤ ሳታያቸው በአይንህ ጠርዝ ተከታተላቸው። መብራቱ ቢቃጠልብህም ማረፍ መቻል አለብህ፤ ያኔ በመጨረሻው ጫፍ ያሉት መብራቶች ከአፍንጫህ በላይ መነሳት ሲጀምሩ ፍሌር ትጀምራለህ።

ጋዙ የሚዘጋው ከፍሌሩ ጋር አብሮ ነው፣ በእጅ ሙሉ ሳይሆን በጣት። አፍንጫው በተነሳ መጠን እጀታዎቹ ትንሽ ይመለሳሉ፤ ዋናዎቹ ጎማዎች አስፋልቱን ሲነኩ ጥቂት ኃይል ቢቀርህ ምንም አይደለም፣ ያኔ ትዘጋዋለህ። ጥቂት መቶ ሜትር መንደርደሪያ ያስወጣሃል። ስለዚህ ማታ የምትመርጠው መንደርደሪያ ያንን የሚችል መሆን አለበት፤ መመሪያው «ይበቃል» በሚልህ ርዝመት ማታ አትግባ። እስከ 500 ጫማ ፍጥነትህ፣ መስመርህ፣ እግርህና ፍላፕህ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) ካልተስተካከለም ተወው፤ ከ500 በታች የሚስተካከል ነገር ሌሊት የለም። ቅዳሜ ዛፎቹ ሲቀርቡህ ጋዙን ጨምረህ እዚያው ከምትቀጥል ጨምረህ መውጣት ነበረብህ።

አሁን አዲስ አበባ ልመለስ ያልከውን ልመልስልህ፣ ቁጥሩ ሊያስጠነቅቅህ ስለሚገባ። ትንንሽ አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. እስከ 2017 በተፈቀዱበት የአሜሪካ ክፍል 23 ደንብ ማረፊያ እግራቸው የሚሰላው በሰከንድ ከ7 እስከ 10 ጫማ ለሚሆን የመውረድ ፍጥነት ነበር። 10 ጫማ በሰከንድ ማለት ክንፍ ባይኖርህ ከግማሽ ሜትር ከማይሞላ ከፍታ ስትለቀቅ የምትመታበት ፍጥነት ነው። ቅዳሜ ክንፍህ ገና ትንሽ ይይዝ ስለነበር ነው ያዳነህ። ቨርጂኒያ ውስጥ በ90 ኖት ሦስት ዲግሪ ይዘህ ብትወርድና ጨርሶ ፍሌር ባታደርግ የምትመታው በሰከንድ 8 ጫማ ገደማ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 7,625 ጫማ ላይ ነው። መለኪያህ ያው 90 ቢያሳይህም አየሩ ስስ ስለሆነ እውነተኛ ፍጥነትህ ከ100 ኖት ያልፋል፤ በዚያው ሦስት ዲግሪ የምትወርደው በሰከንድ 9 ጫማ ገደማ ይሆናል። የእንቅስቃሴ ጉልበትህ ከሩብ በላይ ይጨምራል። መሬቱ በፍጥነት ሲሮጥብህ አይንህ «ፈጥነሃል፣ ቀንስ» ይልሃል፤ አትስማው፣ መለኪያውን ያዝ። ተርቦ የሌለው ሴሚኖል የተባለ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በአንድ ሞተር የሚቆየው 4,000 ጫማ ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሁለተኛው ሞተር ትርፍ ሳይሆን ግዴታ ነው። አይንም አለ፦ የአሜሪካ ባለሥልጣን አብራሪዎች ሌሊት ከ5,000 ጫማ በላይ ኦክስጅን እንዲጠቀሙ ይመክራል፣ የጨለማ እይታ ቀድሞ የሚጎዳ ስለሆነ። ከቨርጂኒያ በመጣህ በሁለተኛው ቀን ማታ ቦሌ ላይ ለመብረር አትቸኩል።

ምክሬ ይህ ነው፣ አላለሳልሰውም። ዛሬ ለአከራዩ ንገር። አውሮፕላኑ ተመርምሮ በመዝገቡ ላይ እስኪፈረምለት አንተም ሌላም አይብረሩበት። ከዚያ በኋላም ቀጥሎ የምልህን ሳትጨርስ ሰው አሳፍረህ በሌሊት ባለ ሁለት ሞተር አትነሳ። በሴኔካ ብዙ ሌሊት የበረረ አስተማሪ ፈልግ፤ በአንድ ማታ ሳይሆን በተለያዩ ማታዎች፣ መጀመሪያ ሰፊና ብሩህ በሆነ መንደርደሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ እየቆማችሁ አርፉ፤ ጋዝ በጣት መመለስን በደንብ እስክትይዘው። ቀጥሎ መብራቱን አጥፍታችሁ። ቀጥሎ አስተማሪው ሆን ብሎ ያስነጥርህና ጎ አራውንድ አድርግ፣ እጅህ ሳታስበው ወደፊት እስኪሄድ ድረስ። ጠባቧ የጫካ መንደርደሪያ የመጨረሻዋ ናት፤ መጀመሪያ በቀን ሂድባት፣ ፓፒ ወይም የመውረጃ መስመር መኖሩን አረጋግጥ፣ ከዚያ ማታ ከአስተማሪው ጋር። ፓፒም መስመርም ከሌላት እንኳን አንተ እኔም ማታ አልገባባትም።